በሞዴል 19 ገቢ የሆነ ኦክስጅን

የፊዚክስ መምህር ስለ ጤና ፖሊሲ ለመጻፍ ብዕር ሲያነሳ «ምን ጥልቅ አደረገው?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኛም ከ2011 ዓ.ም. በፊት ቢሆን ኖሮ ይህንኑ ማለታችን አይቀርም ነበር። አስተያየታችንን ያስለወጠን መጽሐፍ ወይም ዐውደ ጥናት አይደለም፤ በአንድ የኦክስጅን ማሽን ላይ የተገጠመች፣ ስፋቷ ከአውራ ጣት የማይበልጥ የሰዓት ቆጣሪ ናት።

በዚያ ዓመት ክረምት የዘጠኝ ወር ዕድሜ የነበረው የእኅታችን ልጅ በሳንባ ምች ታሞ በአንድ የደጋ ከተማ ሆስፒታል ተኛ። ከእናቱ ጋር ተራ እየገባን ሦስት ሌሊት አስታመምን። ሕፃኑ ሲገባ በእግሩ ጣት ላይ የተደረገው ፐልስ ኦክሲሜትር በደሙ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ሙሌት 82 ከመቶ መሆኑን አሳየ። በክፍሉ የነበረው አንድ ሲሊንደር ሲሆን፣ ቱቦው ለሁለት ተከፍሎ ለእኛ ልጅና በአጠገቡ ለተኛች አንዲት ሕፃን ይደርስ ነበር። ባለ 6,800 ሊትር ሲሊንደር ለሁለት ሕፃናት በደቂቃ አንድ አንድ ሊትር ቢሰጥ የሚቆየው ከሁለት ቀን ጥቂት ለሚበልጥ ጊዜ ነው። ስሌቱን በአእምሯችን ሠርተን ነበርና በሁለተኛው ሌሊት ከስምንት ሰዓት በኋላ የግፊት መለኪያው መርፌ ወደ ዜሮ ሲወርድ አልተገረምንም። ስሌት ማወቅ ግን መፍትሔ አልሆነም። ከቀዶ ሕክምና ክፍል ሌላ ሲሊንደር ተፈልጎ እስኪመጣ አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ። ሲነጋ የጎረቤታችን ሕፃን ወደ ሌላ ሆስፒታል ሪፈር ተጽፎላት በአምቡላንስ ሄደች። መጨረሻዋን እስከ ዛሬ አልሰማንም።

ተረኛዋ ነርስ «ማሽንስ ነበረን፤ ግን ንብረት ክፍል ነው» ያለችን በዚያው ሌሊት ነበር። ጠዋት ወደ ንብረት ክፍል ሄድን። (አስታማሚዎቹ «ዶክተር» ብለው ሲጠሩን የሰሙ የንብረት ክፍሉ አዛውንት የሕክምና ሰው መስለናቸው በሩን ፈጥነው ከፈቱልን። የፊዚክስ ዶክትሬት በሕይወታችን ሰው ለማዳን የጠቀመበት ጊዜ ቢኖር ይህ ስሕተት ሳይሆን አይቀርም።) ማሽኑ ኮንሰንትሬተር በመባል የሚታወቀው ዓይነት ነው። ከነላስቲኩ፣ ከነመመሪያው፣ በእንጨት ርብራብ ላይ ተቀምጧል። በሞዴል 19 ገቢ የሆነው ከሦስት ዓመት በፊት ነበር። ሦስት ዓመት ከ26,000 ሰዓት በላይ ነው። ቆጣሪው የሚያሳየው ግን 11 ነበር።

ለምን ተቆለፈበት ብለን ስንጠይቅ አዛውንቱ የሰጡን መልስ ይህ ነው፦ «ልጄ፣ መብራቱ ሲመጣ ሲሄድ አንዱ ተቃጥሎብናል። ይህኛው ቢደገም በሞዴል 22 ፈርማ የወሰደችው ሲስተር ናት የምትጠየቀው። ከደመወዟ ነው የሚቆረጠው።»

ነገሩ የተጠናቀቀው ከሆስፒታሉ በር ፊት ለፊት ካለ ፎቶ ቤት በተዋስነው ስታቢላይዘር ነው። ልጁ ድኖ ዛሬ አንደኛ ክፍል ገብቷል። እኛ ግን በዚያ ቀን አዛውንቱ የተናገሩት ከአእምሯችን አልጠፋም። ምክንያቱም በንግግራቸው ውስጥ ቸልተኝነት የለም፤ ስንፍናም ሆነ ሙስና የለም። አዛውንቱ የተሰጣቸውን መመሪያ በታማኝነት ፈጽመዋል። ነርሷም ብትሆን የራሷን ልጆች ዳቦ በአንድ ፊርማ ላይ ማስያዝ አልፈለገችም። ሁለቱም ትክክል ነበሩ፤ ኦክስጅኑ ግን በመቆለፊያ ውስጥ ነበር።

እንደሚታወቀው በመንግሥት መሥሪያ ቤት አንድ ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19፣ ሲወጣ ደግሞ ሞዴል 22 ይቆረጣል። ይህ አሠራር ለወንበርና ለወረቀት የሚሠራ በጎ አሠራር ነው። ወንበር ተቆልፎበት ቢቆይ ወንበርነቱን አይለቅም። የሕክምና መሣሪያ ግን ከወንበር በሁለት ነገር ይለያል። አንደኛው፣ ጥቅሙ ያለው በመኖሩ ሳይሆን በመሥራቱ ላይ ነው። ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው፦ ተቆልፎ መቀመጥ ራሱ ያበላሸዋል። ኮንሰንትሬተር አየርን ጨምቆ ዚዮላይት በተባለ ቀዳዳ የበዛበት ማዕድን ውስጥ ያሳልፋል። ማዕድኑ በግፊት ጊዜ ናይትሮጅንን ይይዛል፤ ግፊቱ ሲላላ ይለቅቃል። በዚህ ዓይነት የሚወጣው አየር 93 ከመቶ ገደማ ኦክስጅን ይሆናል። ይኸው ዚዮላይት ግን እርጥበትንም አጥብቆ ይይዛል። ሳይሠራ ብዙ ጊዜ የተቀመጠ ማሽን ውስጥ የገባው እርጥበት ናይትሮጅን የሚያዝበትን ቦታ ይሻማዋል። ስለዚህ «እንዳይበላሽ» ተብሎ የተቆለፈበት ማሽን በመቆለፉ ምክንያት ሊበላሽ ይችላል ማለት ነው።

ከዚህ ተነሥተን የምናቀርበው አስተያየት አንድ ነው። የጤና ፖሊሲያችን የሚቆጥረው ገቢ የሆነውን ዕቃ ነው፤ በሽተኛውን የሚያድነው ግን ዕቃው በአልጋው አጠገብ የሠራበት ሰዓት ነው። እነዚህ ሁለት መጠኖች የተለያየ መለኪያ አላቸው። አንዱን ለክቶ ሌላውን አውቃለሁ ማለት ርዝመትን በኪሎግራም እንደመግለጽ ያለ ስሕተት ነው።

የፖሊሲው መንገድና የተራራው ከፍታ

አስቀድመን አንድ ነገር በግልጽ እንናገር። የአገራችን የጤና ፖሊሲ በወረቀት ብቻ ቀርቷል የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ከእነርሱ ጋር አንስማማም። እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2016 በተደረገው ጥናት ቁጥሩ 67 ደርሷል። በዚህ መካከል እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም አለ። በየቀበሌው ሁለት ሁለት ወጣት ሴቶች የአንድ ዓመት ሥልጠና ወስደው ተመደቡ። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ የሳንባ ምችን በጤና ኬላ ደረጃ በፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት እንዲያክሙ ተፈቀደላቸው። ከዚያ በፊት ማየትና መላክ እንጂ ማከም አይችሉም ነበር።

ፊዚክስ ላስተማረ ሰው በዚህ ፕሮግራም ውስጥ የሚያስደስት ነገር አለ፤ ይኸውም የሳንባ ምች የሚለየው በመለካት መሆኑ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሰዓቷን ይዛ የሕፃኑን ትንፋሽ ለአንድ ሙሉ ደቂቃ ትቆጥራለች። ከሁለት ወር እስከ አሥራ ሁለት ወር ላለ ሕፃን 50ና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ላለ ልጅ 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ትንፋሹ ፈጣን ይባላል። መሣሪያው ዓይንና ሰዓት ነው። በጣም የታመመውን ደግሞ ወደ ላይ ትልካለች። እንግዲህ ጥያቄው የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። በጤና ኬላ በጥንቃቄ የተቆጠረው ትንፋሽ ሆስፒታል ሲደርስ ምን ይጠብቀዋል?

በወቅቱ የፌዴራል ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ይባል የነበረው መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2016 የሕክምና ኦክስጅንና የፐልስ ኦክሲሜትሪ ማስፋፊያ ፍኖተ ካርታ አውጥቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 ኦክስጅንን ለደም ኦክስጅን ማነስ ሕክምና በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ ሲያካትት አገራችን ቀድማ ተነሥታ ነበር ለማለት ይቻላል። ከኮቪድ ወረርሽኝ ወዲህም ብዙ የኦክስጅን ማምረቻዎች ተተክለዋል። ስለዚህ ችግሩ የሐሳብ እጥረት አይደለም።

ችግሩ ያለው ፖሊሲው ከመሬቱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ነው። ለምሳሌ ከፍታን እንውሰድ። በባሕር ጠለልም ሆነ በራስ ዳሸን ጫፍ በአየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ ያው 21 ከመቶ ነው። የሚለወጠው ግፊቱ ነው። በአዲስ አበባ የአየር ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። በመሆኑም ጤነኛ የደጋ ሰው የደሙ ሙሌት ከቆላ ሰው ዝቅ ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ባወጣው መመሪያ እስከ 2,500 ሜትር ከፍታ ድረስ ሙሌቱ ከ90 ከመቶ በታች ለሆነ ሕፃን ኦክስጅን እንዲሰጥ ሲያዝ፣ ከዚያ በላይ በሆነ ከፍታ ግን 87 ከመቶ እንደ መነሻ ሊወሰድ ይችላል ይላል። ይህ በጄኔቭ ጠረጴዛ ላይ የተሰመረ መስመር በአዲስ አበባ ከተማ መካከል ያልፋል! የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከፍታ 2,334 ሜትር ሲሆን የእንጦጦ ጫፍ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። 88 ከመቶ ያሳየ ሕፃን በአንዱ ሰፈር ኦክስጅን ያስፈልገዋል፤ ታክሲ ተሳፍሮ ሽቅብ ቢወጣ ላያስፈልገው ነው። መመሪያውን ያወጡትን ለመንቀፍ አይደለም፤ መስመር አንድ ቦታ ላይ መሰመር አለበት። ነገር ግን ነርሷ የምትሠራበት ሆስፒታል ስንት ሜትር ላይ እንደሆነ በግድግዳው ላይ ተጽፎ አይተን አናውቅም።

ኮንሰንትሬተሩም ከፍታ ይሰማዋል። አየሩ ስስ በሆነበት ቦታ መጭመቂያው በአንድ ምት የሚያስገባው አየር ያንሳል። ስለዚህ አምራቹ ለዝቅተኛ ቦታ የጻፈው የደቂቃ ሊትር በደብረ ብርሃን ሲሞከር የኦክስጅኑ ድርሻ ሊቀንስ ይችላል። ማሽኑ ይጮሃል፣ አረፋው በውኃው ውስጥ ይታያል፣ አስታማሚውም ልቡ ይረጋጋል፤ በቱቦው የሚመጣው ግን የተጻፈው ላይሆን ይችላል።

ኦክሲሜትሩም ቢሆን ጥያቄ አለበት። ጃፓናዊው ታኩኦ አዮያጊ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ የደረሰበት ይህ ብልህ መሣሪያ በጣት ውስጥ ሁለት ዓይነት ብርሃን ያሳልፋል፤ አንዱ 660 ናኖሜትር ገደማ የሆነ ቀይ፣ ሌላው 940 ናኖሜትር ገደማ የሆነ ታሕተ ቀይ ነው። ከሁለቱ ንጽጽር ወደ መቶኛ የሚደረሰው ግን በንጹሕ ስሌት አይደለም። በበጎ ፈቃደኞች ላይ ተለክቶ በተሠራ ሠንጠረዥ ነው። በጎ ፈቃደኞቹ እነማን ነበሩ? እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ የታተመ ጥናት መሣሪያው ያልያዘው የኦክስጅን ማነስ በጥቁሮች ላይ ከነጮች በሦስት እጥፍ ገደማ በዝቶ መገኘቱን አሳይቷል። ለእኛ አገር የሚገዛ ኦክሲሜትር በምን ዓይነት ቆዳ ላይ ተለክቶ እንደመጣ በጨረታ ሰነዱ ላይ ይጠየቅ ይሆን?

ኤሌክትሪክንም እንጨምር። «የመብራት አቅርቦት 95 ከመቶ» የሚል ሪፖርት ቢቀርብልን ጥሩ ይመስለናል። በወር 720 ሰዓት አለ፤ አምስት ከመቶው 36 ሰዓት ነው። ለዳቦ ቤት 36 ሰዓት ኪሣራ ነው። የሰው አካል የሚያከማቸው ኦክስጅን ግን ከጥቂት ደቂቃዎች አያልፍም። አማካይ ቁጥር የሚጠቅመው የጎደለውን በሌላ ጊዜ ማካካስ ሲቻል ነው፤ ትንፋሽ ደግሞ በነገው አይካካስም።

በቅጽ ላይ የሌለው ሠራተኛ

በዚህ ሁሉ ክፍተት ውስጥ የሚቆም አንድ ሰው አለ፤ በየትኛውም የሆስፒታል መዋቅር ውስጥ የሥራ መደብ የለውም። እርሱም አስታማሚ ነው። ውኃ ይቀዳል፣ ከውጭ መድኃኒት ገዝቶ ይመጣል፣ ናሙና ይዞ ላቦራቶሪ ይሮጣል፣ ሌሊት የሲሊንደሩን መርፌ ይጠብቃል። በውጭ አገር በተማርንባቸው ዓመታት በስዊድን ሆስፒታሎች የሆስፒታል ፊዚሲስት ሕጋዊ ፈቃድ ያለው የጤና ባለሙያ መሆኑን አይተን ቀንተን ነበር። ያን ሌሊት ግን እኛ ራሳችን ያለ ፈቃድ ያንን ሥራ እየሠራን እንደነበር የገባን ዘግይቶ ነው። ማኅበራዊ እንክብካቤ የሚባለው ነገር በአገራችን በአብዛኛው በቤተሰብና በእድር ትከሻ ላይ ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ከዚህ ሸክም የተወሰነውን አቅልሏል። ይሁን እንጂ ኦክስጅኑ ሳይሠራ ቀርቶ ሪፈር የተጻፈለት ቤተሰብ በሌላ ከተማ የሚያድርበትንና የሚበላበትን የሚቆጥር ቅጽ የለም። የተቆለፈው ማሽን ዋጋ በመጨረሻ የሚከፈለው ከዚያ ነው።

የሚሠራ ኦክስጅን ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ ማስረጃ አለ። በፓፑዋ ኒው ጊኒ በአምስት ሆስፒታሎች ኮንሰንትሬተርና ፐልስ ኦክሲሜትር ከሥልጠናና ከጥገና ጋር ሲዘረጋ በሳንባ ምች ከተኙ ሕፃናት የሚሞቱት ከ4.97 ከመቶ ወደ 3.22 ከመቶ ወረዱ፤ ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ያችም አገር ተራራማ ናት፤ መብራቷም የሚታመን አልነበረም። ሌላው ማስረጃ ስለ ጥገና ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የ16 አገሮች ቆጠራ እንዳሳየው ደሃ በሆኑ አገሮች ከሚገኙ የሕክምና መሣሪያዎች 38 ከመቶ ያህሉ አይሠሩም ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2010 የወጣ ሌላ ጥናት ግን ከተበላሹት 66 ከመቶ የሚሆኑትን 107 መሠረታዊ ሙያዎችን የተማረ ሰው ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ ሳያስፈልገው ሊጠግናቸው እንደሚችል አረጋግጧል። ፊውዝ መቀየር፣ ገመድ መበየድ፣ ማጣሪያ ማጠብ የመሳሰሉት ናቸው። የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎቻችን ከእነዚህ ብዙዎቹን ያውቃሉ፤ ቢያንስ ማወቅ ይገባቸዋል።

«ቢያንስ» ያልነው ሆን ብለን ነው። የራሳችንን ፋኩልቲ ቤተ ሙከራ ያየ ሰው ሊስቅብን ይችላል። በእርዳታ መጥተው፣ በሞዴል 19 ገብተው፣ ሳይፈቱ ያረጁ መሣሪያዎች በእኛም መደርደሪያ ላይ አሉ። ተማሪ ይሰብረዋል ብለን የቆለፍንበት ኦሲሎስኮፕ ከንብረት ክፍሉ ኮንሰንትሬተር በምን ይለያል? በዚያ መካከል የሚሞት ሰው ስለሌለ ብቻ ነው ያልተሰማን። ስለዚህ አዛውንቱን የምንወቅስበት አንደበት የለንም።

ታዲያ ምን ይደረግ? በእኛ አስተያየት መጀመሪያ ሊለወጥ የሚገባው የፊርማው ትርጉም ነው። በሥራ ላይ እያለ የተበላሸ የሕክምና መሣሪያ በባለሙያ ታይቶ አደጋ ነው ከተባለ ነርሷ ከደመወዟ የማትጠየቅበት ግልጽ መመሪያ ያስፈልጋል። ያለ እርሱ ማንኛውም ሥልጠና ከመቆለፊያው በር አያልፍም። ከዚያ ቀጥሎ ወርኃዊው ሪፖርት «ስንት ማሽን አለ?» ከማለት ይልቅ «ስንት ሰዓት ሠራ? ሲወጣ የነበረው ኦክስጅን ስንት ከመቶ ነበር?» ይበል። ሰዓቱ በማሽኑ ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ ለማንበብ በጀት አይጠይቅም። መቶኛውን ለማወቅ የሚያስፈልገውም በእጅ የሚያዝ ትንሽ መለኪያ ነው።

አንድ የሥራ ባልደረባችን ይህን ሐሳብ ሲሰሙ «ሰዓት ከተቆጠረ ማሽኑን በባዶ ክፍል አስነሥተው ያሳድሩታል» አሉን። ልክ ናቸው። የሚቆጠር ነገር ሁሉ ለመቆጠር ሲባል መሠራቱ በየቦታው የታየ ነው፤ 350 ዋት የሚወስድ ማሽን በባዶ ክፍል ሲያድር ደግሞ በቀን ከስምንት ኪሎዋት ሰዓት በላይ ያለ ጥቅም ይበላል። ስለዚህ ሰዓቱ ከበሽተኛው ካርድ ጋር መመሳከር ይኖርበታል። ሙሌቱ ሲገባ ስንት ነበር? ከአንድ ሰዓት በኋላስ? ይህ የነርሷን ሥራ ይጨምራል፤ አንክድም። ሆኖም ዛሬ ከምትሞላቸው ቅጾች አንዱ ቢቀርላት ጊዜው ሊገኝ እንደሚችል እናምናለን። የትኛው ይቅር የሚለውን ግን እርሷን እንጂ እኛን አይጠይቁን።

በእኛ በኩል ያለው ድርሻ አነስተኛ ቢሆንም ተጀምሯል። በዚህ ዓመት ሁለት ተመራቂ ተማሪዎች የመመረቂያ ሥራቸውን በኮንሰንትሬተር ላይ እንዲያደርጉ ተስማምተናል፤ አንደኛዋ የቮልቴጅ መዋዠቅን ለአንድ ወር ትመዘግባለች፣ ሌላው በተለያየ ከፍታ ላይ ባሉ ሦስት ሆስፒታሎች የሚወጣውን የኦክስጅን መቶኛ ይለካል። ለመለኪያው መግዣ የሚሆነውን ገንዘብ መምህራን አዋጥተናል። ለምርምር በጀት ያስገባነው ጥያቄ ገና መልስ አላገኘምና።

በጥር ወር ተማሪዎቹን ይዘን ወደዚያው የደጋ ከተማ ሆስፒታል ሄደን ነበር። ስታቢላይዘር ተገዝቷል። ያ ማሽን ከንብረት ክፍል ወጥቶ በሕፃናት ክፍል ጥግ ቆሟል፤ ቆጣሪው 9,412 ያሳያል። ተማሪያችን መለኪያዋን ስታገናኝ የሚወጣው ኦክስጅን 79 ከመቶ ብቻ ሆኖ ተገኘ። የኋላ ክዳኑን ስንከፍት የአየር ማጣሪያው በአቧራ ጠቁሮ ነበር። ነርሷ የመግዣ ጥያቄውን ቅጂ ከመሳቢያዋ አውጥታ አሳየችን፤ የቀረበው በጥቅምት ነው።